ከቀብር በኋላ የሚቀር የጎረቤት ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የአገራችን ሰው ስለ ሞተ ሰው ክፉ ለመናገር ሲገደድ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። መልካም ልማድ ነው። ዲናችንም ያጸናዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙታን ወደ ሥራቸው ውጤት የደረሱ በመሆናቸው እንዳይሰደቡ አስተምረዋል።

ይሁን እንጂ ሙትን አለመውቀስ አንድ ነገር ሲሆን የሙትን ውለታ አለመርሳት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምላስን ከመያዝ ያለፈ ድካም የለበትም። ሁለተኛው ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም የሰውን አስተያየት መቋቋም ይጠይቃል። የብዙዎቻችን ጉድለት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ደግ ጎረቤታችን የሞተ ዕለት ሥራ ትተን እንመጣለን፤ ድንኳን እንተክላለን፤ ቀብር እንሄዳለን፤ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ድንኳኑ ተነቅሎ አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሲመለሱ ግን ሟቹም አብሮ ከልባችን የሚወጣ ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ የዚያ ቤት ልጆች ትምህርት ላይ ስለ መሆናቸው፣ የቤት ኪራዩ ስለ መከፈሉ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ጥያቄዎችን እናነሳለን። አንደኛው፣ በሕይወት ሳለ በጎ የዋለልን ጎረቤትና ወዳጅ ከሞተ በኋላ በእኛ ላይ ምን ሐቅ አለው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚነሳ ነው፤ ይኸውም ሟቹ የእኛን እምነት የማይከተል ሲሆንስ? የሚለው ነው።

ጎረቤት ማለት ማን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ እርሱን በብቸኝነት ማምለክን ካዘዘ በኋላ ለወላጆች፣ ለዘመዶች፣ ለየቲሞችና ለምስኪኖች በጎ መዋልን ያዛል። በዚያው ተርታ ጎረቤትን ጠቅሶ የቅርብ የሆነውንም ባዕድ የሆነውንም ያካትታል። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ ባዕድ የሆነው ጎረቤት ሲባል የዝምድና ወይም የእምነት ትስስር የሌለውንም እንደሚጨምር ገልጸዋል። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት አደራ ከማለት ብዛት የተነሳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ ካስተላለፉት አንዱ ዐብዱላህ ቢን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጥታችኋል ወይ ብለው ነበር። ጥያቄውንም ደጋግመውታል። ሐዲሱን በጆሮ የሰማ ሰው በማዕዱ ላይ የተረዳው እንዲህ ነው።

በዐረብኛ ጎረቤት «ጃር» ይባላል። «ጂዋር» የሚለው ቃል ከዚሁ የመጣ ሲሆን ጥበቃ መስጠት፣ ከለላ መሆን ማለት ነው። በጥንቷ መካ ጎረቤት ማለት ግድግዳ የሚዋሰን ብቻ አልነበረም፤ በቃሉ የሚጠለሉበትም ሰው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሞቱ በኋላ ውለታቸውን ካስታወሱላቸው ሰዎች ሁለቱን ከዚህ አኳያ እንመልከት። አንደኛው የአገራችን ሰው ነው።

ነጃሺ፣ ከባሕር ማዶ የነበረው ጎረቤት

በ615 እ.ኤ.አ. የቁረይሾች በደል የበረታባቸው ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። በኋላ የተከተሏቸው ሲጨመሩ ከሰማንያ የሚበልጡ ወንዶች ከነቤተሰቦቻቸው ሆኑ። ቁረይሾች ስጦታ አሲዘው መልእክተኞች ቢልኩም ንጉሡ አስሐማ የጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ.) ቃል ካደመጠ በኋላ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፤ ስጦታውንም መለሰ። የጃዕፈር ልጆች የተወለዱት በዚህችው አገር ነው። ጃዕፈርና ጓደኞቻቸው ወደ መዲና የሄዱት የኸይበር ዘመቻ በተካሄደበት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሆን ያም ከአሥር ዓመት የበለጠ ጉርብትና ነው።

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ (630 እ.ኤ.አ.) ሞተ። መዲናና ሐበሻ በበረሃና በባሕር የተለያዩ ናቸው። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሞተው ደግ ሰው መሆኑን መስክረው ለወንድማቸው እንዲሰግዱ ሶሓቦችን በሞተበት ዕለት ጠሩ፤ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተው ሰልፍ አሰልፈው በአራት ተክቢራ ሰገዱለት። ጃቢር (ረ.ዐ.) በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰልፍ እንደ ነበሩ ያስታውሳሉ። በሩቅ ላለ ሟች የሚሰገደው ሶላት በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ምዕራፍ የያዘው በዚህ ሐበሻዊ ምክንያት ነው።

ልብ እንበል! ያን ዕለት ሙስሊሞች ደካሞች አልነበሩም። መካ ተከፍታለች፤ የዐረብ ልዑካን በየተራ እየመጡ ነው። የነጃሺ ጥበቃ አያስፈልጋቸውም። ውለታ የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ የምቾት ሰዓት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በችግር ዘመን በሩን የከፈተላቸውን ሰው በድል ዘመን አልረሱትም። የስደተኞቹ መታሰቢያ የሆነችው የትግራይዋ ነጋሽ፣ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት የደረሰበት መስጂዷ ጭምር፣ ዛሬም ይህንኑ የጉርብትና ታሪክ የምትናገር ናት።

ሙጥዒም ቢን ዐዲይ፣ ሳይሰልም የሞተው ባለውለታ

አንዳንድ አንባቢ «ነጃሺ እኮ ሰልሟል፤ ስለዚህም ተሰገደለት» ሊል ይችላል። ትክክል ነው። እንግዲያውስ ሁለተኛውን ሰው እንመልከት።

ሙጥዒም ቢን ዐዲይ ከቁረይሽ ሹማምንት አንዱ ነበር። በሙስሊሞችና በበኒ ሃሺም ላይ የተጣለው የማግለል ውል እንዲቀደድ ከተነሱት ሰዎች መካከል ይገኝበታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከጧኢፍ ተደብድበው፣ ተባረው ሲመለሱና መካ ለመግባት ሲቸገሩም ጂዋር የሰጣቸው እርሱ ነው። ልጆቹን መሣሪያ አስታጥቆ ካዕባ አጠገብ በማቆም በእርሱ ጥበቃ ሥር መሆናቸውን ለሕዝብ አሳወቀ። ይህ ሰው ግን እስልምናን ሳይቀበል ከበድር በፊት ሞተ።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (624 እ.ኤ.አ.) በበድር ድል ሰባ ያህል ቁረይሾች ተማረኩ። በጊዜው የአንዳንዱ ምርኮኛ ቤዛ እስከ አራት ሺህ ድርሃም ይደርስ ነበር። የሙጥዒም ልጅ ጁበይር እንዳስተላለፈውና ቡኻሪ እንደ ዘገቡት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለ እነዚህ ሰዎች ቢያነጋግራቸው ኖሮ ለእርሱ ሲሉ በነጻ እንደሚለቋቸው ተናገሩ። በአንድ ሟች ስም የሰባ ሰው ቤዛ! የነቢዩ ባለቅኔ ሐሳን ቢን ሳቢትም (ረ.ዐ.) ሙጥዒምን በግጥም አልቅሶለታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሙጥዒም የጀናዛ ሶላት አልሰገዱለትም፤ እምነቱንም አላጸደቁለትም። ነገር ግን እምነቱ ሌላ ነው ብለው ውለታውን አልካዱም። ስሙን በሰው ፊት፣ ያውም በገዛ ልጁ ፊት በክብር አነሱ። ጁበይር ኋላ ላይ ሰልሞ ይህንኑ ሐዲስ ለእኛ አስተላለፈ። የአባቱ ስም በክብር ሲነሳ የሰማ ልጅ ልቡ ምን ያህል እንደሚለሰልስ አላህ ያውቃል።

በቤቴል የገጠመን

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቴል በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን አረፉ። ስማቸውን ለቤተሰባቸው ስል አልጠቅስም፤ ልጅ አዋቂው «ጋሼ» ይላቸው ነበር። ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። በሌሊት ምጥ የያዛት ወይም ሕመም የጠናበት ሲኖር በራቸው ይንኳኳል፤ አሮጌዋን መኪናቸውን አስነስተው ሆስፒታል ያደርሳሉ፤ የነዳጅ ብለው የሰጧቸውን አይቀበሉም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ወቅት ቤታቸው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ ቧንቧቸው ቀድሞ ይደርሰዋል። በረመዷን ለሱሑር በምንነሳበት ሰዓት ጎማቸውን በአጥር አሳልፈው የጎረቤቶቻቸው በርሜል ሳይሞላ የራሳቸውን አይሞሉም ነበር። ልጃቸውን ሲድሩ የሙስሊሙን በግ ሙስሊም እንዲያርደው ጠርተው፣ ድስቱንም ጭልፋውንም ለብቻ አድርገው፣ ቢላዋውን ሳይቀር አዲስ ገዝተው አስተናገዱን።

በሞቱበት ዕለት ከዙህር ሶላት በኋላ ወጣቶቻችን መስጂዱ በር ላይ ክርክር ገጠሙ። አንዱ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ ራሱ ዲንን ያጎድላል አለ። ሌላው ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ጀናዛ ብንሰግድለትስ ምን አለበት? አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ሆኖም አንዱ ዲኑን ለመጠበቅ ሲል ውለታን ይጥላል፤ ሌላው ውለታን ለመክፈል ሲል የዲኑን ድንበር ያፈርሳል። በመካከላቸው የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጆቼ፣ ሶላታችን የአላህ ነው፤ እኛ እንዳሻን የምንሰጠው አይደለም። ጉልበታችን ግን የጎረቤት ነው» ብለው የድንኳኑን እንጨት ለመቀበል ቀድመው ሄዱ። ወጣቶቹም ተከተሏቸው።

አዛውንቱ ኪታብ ባይገልጡም የተናገሩት ኡለማእ ከሚሉት የራቀ አይደለም። ቁርአን በሌላ እምነት ላይ ለሞተ ሰው የጀናዛ ሶላት መስገድንና ምሕረት መለመንን ይከለክላል (አት-ተውባህ 84 እና 113)። በሌላ በኩል ስለ ሃይማኖታችን ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላፈናቀሉን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሐዊ መሆንን አላህ እንዳልከለከለን በሱረቱ-ል-ሙምተሒናህ 8ኛው አንቀጽ ተገልጿል። የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተነስተው ቆሙ፤ የአይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸውም እርሱስ ነፍስ አይደለም ወይ ሲሉ መለሱ። ይህን የነገሩን ሰህል ቢን ሑነይፍና ቀይስ ቢን ሰዕድ (ረ.ዐ.) ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢራቅ፣ በቃዲሲያ፣ የሌላ እምነት ተከታይ አስከሬን ሲያልፍ ራሳቸው ተነስተው በቆሙ ጊዜ ነው። የሓሪስ ቢን አቢ ረቢዓ እናት ክርስቲያን ሆና በሞተች ጊዜም ሶሓቦች ቀብሯን መሸኘታቸው ተዘግቧል። ከሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ኢማም ነወዊ ሙስሊም የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ዘመዱን ጀናዛ መሸኘቱ እንደማይጠላ ጽፈዋል። በዝርዝሩ ላይ የኡለማእ ልዩነት ስላለ እያንዳንዱ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ድምሩ ግን ግልጽ ነው፤ ዒባዳ ድንበር አለው፣ ደግነት ደግሞ በር አለው።

በዚያ ቀን እንዲሁ ተደረገ። ሙስሊሙ ጎረቤት ውሃ ቀዳ፤ እንግዳ አስቀመጠ፤ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሸኝቶ ሥርዓቱ እስኪፈጸም በውጭ ጠበቀ። በማግስቱም አንድ ሙስሊም ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ የጋሼን ስም ፈለገና የቀረባቸውን ሒሳብ ሰረዘ። ለቤተሰቡም አልነገረም፤ እኛም ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ታዲያ ምን ይጠበቅብናል?

አንደኛ፣ በእውነት መመስከር። ሰዎች አንዱን ሟች በመልካም ሲያነሱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጀነት እንደ ተገባው፣ ሌላውን በክፉ ሲያነሱ ደግሞ እሳት እንደ ተገባው መናገራቸውና አማኞች በምድር ላይ የአላህ ምስክሮች መሆናቸውን መግለጻቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለ ሟች ሙስሊም ወንድማችን የምንናገረው መልካም ቃል እንግዲህ ቀላል አይደለም። ያልሠራውን ግን አንጨምርለት፤ ምስክርነት ነውና።

ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛን መመገብ እንጂ ሐዘንተኛን አለመብላት። ጃዕፈር (ረ.ዐ.)፣ ያ በነጃሺ ፊት የተናገሩት ጃዕፈር፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ጦርነት ሲሰዉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲዘጋጅ አዘዋል፤ ሐሳብ የሚወስድ ነገር ደርሶባቸዋልና። በከተማችን ግን ነገሩ ተገልብጦ ሟች ቤት ተበድሮ ለለቀስተኛ የሚያበላበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዳቦውን፣ ንፍሮውን፣ ሻዩን ጎረቤት ተከፋፍሎ ይያዘው።

ሦስተኛ፣ ዕዳን ማጣራት። በሞተበት ዕለት ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመስገድ ተቆጥበው ነበር። ዕዳው ሦስት ዲናር ነበር። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) እኔ እችለዋለሁ ባሉ ጊዜ ሰገዱበት። ጓደኛ ማለት ይህ ነው። ሟች ወዳጃችን የማን ዕዳ እንዳለበት ቤተሰቡ ላያውቅ ይችላል፤ ጓደኛ ግን ያውቃል። የቻለ ይክፈል፤ አበዳሪ የሆነ ይማር፤ ሁለቱንም ያልቻለ ሽማግሌ ሆኖ ጊዜ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ የሟችን ወዳጆችና ቤተሰብ አለመቁረጥ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ከሞቱ ከዓመታት በኋላ በግ ባረዱ ጊዜ ሥጋውን እየቆራረጡ ለኸዲጃ ጓደኞች ይልኩ ነበር። ዐብዱላህ ቢን ዑመርም (ረ.ዐ.) ወደ መካ ሲጓዙ መንገድ ላይ ያገኙትን አንድ የገጠር ሰው አህያቸው ላይ አስቀምጠው ጥምጣማቸውን አልብሰውታል። ለዚህ ሰው ትንሽም ይበቃው ነበር ሲባሉ የሰውየው አባት የአባታቸው የዑመር ወዳጅ እንደ ነበር ተናገሩ። እንግዲህ ወዳጅነት በሁለቱ ወዳጆች ሞት እንኳ አያበቃም፤ ወደ ልጆች ይሻገራል። የሟች ጎረቤታችንን ልጅ መንገድ ላይ ስናገኝ «አባትህ እንዲህ አድርጎልን ነበር» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ለዚያ ልጅ ግን ውርስ ነው።

አምስተኛ፣ የሰፈር እድርን አለመተው። ዛሬ በየሰፈሩ የሙስሊም እድሮች አሉ። የከፈን፣ የትጥበትና የቀብር ሥርዓታችን የተለየ በመሆኑ መኖራቸው ተገቢ ነው፤ ጀናዛችንን ወደ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ለማድረስም ያስፈልጉናል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከጋራው የሰፈር እድር ስማችንን ማስፋቅ ሌላ ነገር ነው። ጥሩምባ ሲነፋ የማይሰማ ጎረቤት ከጊዜ በኋላ ጩኸትም አይሰማም። የወር መዋጮው ትንሽ ነው፤ የሚጠብቀው ጉርብትና ግን ትልቅ ነው።

ስድስተኛ፣ ለሙስሊም ሟቻችን ዱዓእ አለመርሳት። ሰው ሲሞት ሥራው ቢቋረጥም ዘላቂ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና የሚለምንለት ደግ ልጅ እንደሚቀሩለት ሙስሊም ዘግበዋል። ደግ ልጅ ያልነበረው ጎረቤት ይኖረናል። በሱረቱ-ል-ሐሽር 10ኛው አንቀጽ በእምነት ለቀደሙ ወንድሞች የሚደረገው ዱዓእ ለእንዲህ ያለው ሁሉ ይደርሳል። በቁኑታችን፣ በሱጁዳችን ስሙን እናንሳ።

በሌላ እምነት ለሞተው ደግ ጎረቤትም ቢሆን በእጃችን የቀረ ብዙ ነገር አለ። ባለቤቱን መጠየቅ፣ ልጆቹን ማስተማር፣ አደራውን መመለስ፣ ስሙን በክብር ማንሳት በሙሉ የተፈቀዱ ናቸው። ለልጆቹም ሒዳያን መለመን ይቻላል። የበጎ ሥራ ምንዳ በጎ ሥራ እንጂ ሌላ አለመሆኑን ሱረቱ-ር-ረሕማን ያስተምረናል።

በመጨረሻም

ሞት ለሁላችንም ተራ ጠባቂ ነው። አንድ ቀን ድንኳኑ በእኛ ደጅ ይተከላል። ያን ጊዜ ቤተሰባችንን የሚያጽናናው በባንክ ያስቀመጥነው ወይም በግንብ ያጠርነው ላይሆን ይችላል። በር አንኳኩቶ «እርሱ እኮ ለእኛ እንዲህ ነበር» የሚል ጎረቤት ነው። እንዲህ የሚል ሰው እንዲኖረን ዛሬ ጎማችንን በአጥር እናሳልፍ፤ ለሞቱት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ያሳለፉልንን እንክፈል። በዚህ ሳምንት ከሞተ ዓመት ያለፈውን አንድ ደግ ጎረቤት እናስብና የቤቱን በር እናንኳኳ።

አላህ (ሱ.ወ.) ውለታን ከሚያውቁ፣ አደራን ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን። በእምነት የቀደሙንን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ይማርልን፤ የሐዘንተኛ ቤቶችን ሁሉ በሶብር ይሙላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።